በዘጠኝ ሰዓት

ከላውንደሪው ደንበኞች መካከል ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ተኳሿ ይሏታል። ካውያዋን ብቻ አይተው አይደለም። አንድ ቀን ሸሚዜ ዘገየ ብሎ የጮኸ ሰው መልሷን ከጠጣ በኋላ፣ በሩን ይዞ ሲወጣ «ይቺ ልጅ በእጇ ልብስ፣ በአፏ ሰው ትተኩሳለች» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሷም አልጠላችውም። ሰው ፈርቶ ያወጣው ስም አዝኖ ካወጣው ይሻላል ባይ ናት።

ዛሬ ግን ማንንም አልተኮሰችም። ከጠዋት ጀምሮ የእንፋሎቱን ፔዳል እየረገጠች ኮሌታ ታስተኛለች፣ እጅጌ ትገለብጣለች፤ ዓይኗ ግን ከግድግዳው ሰዓት አይወርድም። አባቷ ሰማይ ላይ ነው።

«እንዲህ ካፈጠጥሽበት ሰዓቱም አፍሮ ይቆማል» አሉ የላውንደሪው ባለቤት፣ የታጠበ መጋረጃ እያጠፉ። ሠራተኞቹ ከኋላቸው እትዬ አረፋ ይሏቸዋል፤ ቁጣቸው ገንፍሎ ወዲያው ስለሚከስም።

«ይቁም። እኔ የማላምነው ሲሄድ ነው።»

«ኧረ አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው። ምን ይሆናሉ?»

እሷ ፔዳሉን ረገጠች። እትዬ አረፋም ልብ ብለው መጋረጃውን አስቀመጡ።

አባቷ ዕድሜውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሞራ ዓይኑን ጋርዶት መሪውን እስኪያስረክብ ድረስ አርፍዶ ተነስቶ አያውቅም፤ ቀድሞ ደርሶም አያውቅም። መንገድን በኪሎ ሜትር የሚነግረው ሰው ካለ ይስቅበታል። «ኪሎ ሜትር የመንግሥት ነው፤ ሰዓት የሾፌር ነው» ይላል። የትም አገር ተጠርቶ «ሩቅ ነው» ከተባለ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ሰዓት?» አሁን ዓይኑ የመንገድ ምልክት ቀርቶ የሰው ፊት አይለይለትም። ባለ ትልቅ ፊት የእጅ ሰዓቱን ግን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያነባታል። ከዓለም የቀረችው የምትነበብ ነገር እሷ ነች ማለት ይቻላል።

ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የሚኖረው ከባሕር ማዶ ነው። ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ ለአባቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አገኘ፤ ቀጠሮውም ነገ ጠዋት ነው። ካለፈ እንደገና ዓመት መጠበቅ ነው፤ የአባቷ ዓይን ደግሞ ዓመት እንደማይጠብቅ ሐኪሞቹ ተናግረዋል። ወንድሟ ቲኬቱን ሲቆርጥ «አጃቢ ልጨምርለት? ከዚህ በር ተቀብለው እዚያ በር የሚያስረክቡ ሰዎች አሉ» ብሎ ነበር።

«አባባ ዕቃ ነው እንዴ የሚያስረክቡት?» ብላ ጮኸችበት። «ሰው ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው መጓጓዝ ያቅተዋል? እኔ አስጠናዋለሁ።»

«እህቴ፣ እሱ አውሮፕላን...»

«አስጠናዋለሁ አልኩ፣ ጋሼ!»

አስጠናችውም። በላውንደሪው ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ያለበት አሮጌ ካላንደር ተሰቅሏል። ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ የስፌት ክር ዘረጋች፤ ክሩን ከካርታው ግርጌ ካለው መለኪያ ጋር አስተያየችው፤ ከስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ አለ። የአየር መንገዱ ሆስተሶች ዩኒፎርማቸውን የሚያሳጥቡት እዚያው ነውና አንዷን ይዛ «ይሄ አውሮፕላናችሁ በሰዓት ስንት ይሮጣል?» አለቻት። «ዘጠኝ መቶ ገደማ» አለች ልጅቷ። አካፈለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ወጣ። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ማንንም ሳታስፈቅድ ነው። ቲኬት ቢሮ ያለችውንም ሴት ጠይቃለች፤ «ቀጥታ በረራ ነው» ተብላለች። ቀጥታ ከሆነ ክሩ አልዋሸም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እራት ሲያልቅ ፈተና ነበር።

«አባባ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትደርሰው?»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቂጤን ከወንበር አላነሳም።»

«በዘጠኝ ሰዓት ሲሆን?»

«እወርዳለሁ። ልጄ በር ላይ ይጠብቀኛል።»

«የእጅ ሰዓትህንስ?»

«አልነካትም። እዚያ ፀሐይዋ ሌላ ብትሆንም ሰዓቴ የኔው ናት።»

«ጎበዝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳን እንዲህ ተሽቆጥቁጬ አላውቅም እኮ» ይልና ይስቃል።

ዛሬ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጥበቃው «ወዴት ነው ጉዞው፣ አባት?» ቢለው፣ የከተማውን ስም ትቶ «ዘጠኝ ሰዓት ነው!» ብሎ ኮራ። ጥበቃው ግራ ገብቶት ወደ እሷ ዞረ። እሷም ሳቀች። ይሄ ሳቅ ነው አሁን ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላት።

አውሮፕላኑ የተነሳው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ሦስትና ዘጠኝ አሥራ ሁለት። አመሻሹ ላይ ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን ወንድሟ ይደውላል፣ «ደረሰ» ይላል፣ እሷም «አላልኩህም?» ትለዋለች። ይቺን «አላልኩህም» ሳምንት ሙሉ በምላሷ ስታለሰልሳት ነበር።

አሥራ ሁለት ሆነ። ስልኩ ዝም አለ። ትንሽ አለፈ። የተኮሰችውን ሱሪ መልሳ ተኮሰችው።

ሲደወል ስልኩን ሁለት ጊዜ ጥላ አነሳችው።

«ደረሰ?»

«ገና ነው» አለ ወንድሟ። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ቀድሜ መጥቼ ቆሜያለሁ። በእናንተ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚገባው።»

«ዘገየ ማለት ነው?»

«ኧረ አልዘገየም። ድሮም አንድ ሰዓት ነው።»

«እንዴት ተደርጎ? መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለክቼዋለሁ!»

«በረራው ልክ ነሽ። ግን መሃል ላይ አንድ ከተማ አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ነው የሚመጣው። አልነገሩሽም?» አለና የከተማውን ስም ጠራላት።

«ቀጥታ ነው አለችኝ እኮ ሴትዮዋ!»

«ቀጥታ ማለት አውሮፕላን አትቀይሪም ማለት ነው እንጂ አይቆምም ማለት አይደለም።» ድምፁ ተለወጠ። «ለአባባ እዚያ እንዳይወርድ ነግረሽዋል አይደል?»

ካውያው በማረፊያው ላይ ሆኖ ይተነፍሳል።

«ነግሬዋለሁ» አለች።

ስልኩን ዘጋች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ለምን እንደዋሸች እንኳን አታውቅም፤ ውሸቱ ቀድሟት ነበር የወጣው። «ቢሆንስ?» አለች ለራሷ። «ሆስተሶቹ ተቀመጡ ይሉታል። ደግሞ አባባ ያልተባለውን አያደርግም።»

ይህን ጮክ ብላ ተናግራው ኖሮ፣ እትዬ አረፋ ከመደርደሪያው ማዶ ተቀበሏት። «እሱስ እውነትሽን ነው። የተባለውን ነው እንጂ የሚያደርገው። ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«በዘጠኝ ሰዓት ትወርዳለህ...»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

እትዬ አረፋ አልገባቸውም። እሷ ግን ወደ ካላንደሩ ሄዳ ወንድሟ የጠራላትን የመሃል ከተማ ፈለገች። የመንገዱ ሁለት ሦስተኛ ላይ አገኘችው። የስድስት ሰዓት በረራ ነው። ሦስትና ስድስት...

«ዘጠኝ» አለች። «እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያረፈው!»

«ማን?»

«አውሮፕላኑ! እኔ ያልኩት የመንገዱን ርዝመት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል ነው ያልኩት። እሱ የሰማው የእጁን ሰዓት ነው! ዘጠኝ ሲል ውረድ ነው የሰማው! ደግሞ ያ የተረገመ አውሮፕላን ልክ ዘጠኝ ሲል በሩን ከፈተለት!»

እትዬ አረፋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሾፌር ናቸዋ» አሉ ቀስ ብለው። «በሰዓቱ የሚወርዱ።»

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑ የማያይ አንድ ሽማግሌ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ ደርሻለሁ ብሎ በር ላይ ልጁን እየጠበቀ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። አባቷ መንገድ ጠይቆ አያውቅም፤ ሾፌር መንገድ ከጠየቀ ተሳፋሪው ይወርዳል ባይ ነው።

ምናልባት አልወረደም ይሆናል። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ በዚህች «ምናልባት» ላይ ተንጠልጥላ ቆየች። የውጪውን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረዱት፤ መንገዱ ላይ የመኪና መብራት ያልፋል፤ ማጠቢያ ማሽኑ የመጨረሻውን ውሃ ተፍቶ ዝም አለ። እትዬ አረፋ ቤታቸው መሄድ ትተው ከጎኗ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። 

ወንድሟ ደወለ።

«ሁሉም ወጣ። አባባ የለም። ሻንጣውም የለም። ጠየቅኳቸው፤ መሃል ላይ ወረደ፣ ስሙን ጠርተን ስናጣው ሻንጣውን አውርደንለት መጣን ነው የሚሉት። ነግረሽዋል አላልሽም?»

«አልነገርኩትም።»

«ምን?»

«መቆሙን አላውቅም ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለህ ነው ያልኩት። የእጁን ሰዓት አይቶ ወረደ። አሁን ጩህብኝ።»

አልጮኸም። ቢጮህ መልስ ነበራት፤ ለሚጮህ ሰው መልስ አጥታ አታውቅም። ቀስ ብሎ «ነገ ጠዋት ነው ቀጠሮው» አለ።

«አውቃለሁ!»

«አጃቢ...»

«አውቃለሁ አልኩህ፣ ጋሼ! ቆይ፣ ዝጋው። ዝጋውና ስልክህን ክፍት አድርግ።»

የአየር መንገዱን ቢሮ ደወለች። ሙዚቃ ተቀበላት። «መስመሩ ተይዟል፣ እባክዎን ይጠብቁ» ይላል፤ ከዚያ ዋሽንት፤ ከዚያ «እባክዎን ይጠብቁ»። ሦስተኛውን ዋሽንት ሲነፉባት ዓይኗ ከጣሪያው ሥር በተሰቀሉት የታጠቡ ልብሶች ላይ አረፈ። በላስቲክ የተሸፈነ የሆስተስ ዩኒፎርም፤ ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ቁራጭ ካርድ፤ ካርዷ ላይ የስልክ ቁጥር።

ያቺው ስለ ፍጥነቱ የጠየቀቻት ልጅ ናት። ክፋቱ፣ ባለፈው ሳምንት ይቺው ልጅ ኮሌታዋ ላይ ሊፕስቲክ ተለቅልቆ ብታመጣው «የፓይለቱ ነው ወይስ የተሳፋሪ?» ብላ በሰው ፊት ተኩሳታለች። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ነበር የወጣችው።

ደወለች።

«ከላውንደሪው ነው። ተኳሿ ነኝ።»

«አልቋል ዩኒፎርሜ?» አለች ልጅቷ፣ ቆፍጠን ብላ።

«አልቋል። ግን ለሱ አይደለም። እህቴ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ...»

«አንቺ?» አለች ልጅቷ። «አንቺ ነሽ እህቴ ያልሽኝ? ሰው ሞተ እንዴ?»

አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ልጅቷ አላሾፈችም። «እዚያ የኛ ቢሮ አለ፤ የምትሠራዋን አውቃታለሁ። የኛን ቋንቋ ትናገራለች። ስልክሽን አትያዢው» አለችና ዘጋች።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ እንደ ታመመ ሰው፣ በሁለት እጇ አስተኛችው። እትዬ አረፋ ውሃ ቀዱላት፤ አልጠጣችም። «ይገኛሉ» አሉ። «ይገኛል» አለች እሷ። ከዚያ «ባይገኝስ?» አለች። እትዬ አረፋ ውሃውን ራሳቸው ጠጡት።

ሲጠራ ቁጥሩ የውጭ አገር ነው።

«የአባትየው ልጅ ነሽ?» አለች አንዲት የቸኮለች ሴት። «አግኝተናቸዋል። ከወረዱበት በር አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።»

እንባዋ ሳታስበው ዱብ አለ። «ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው። እኛ ነን ደህና ያልሆንነው። ወደዚያ ከተማ የሚሄድ የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን አለ፤ ወንበር አግኝተንላቸዋል፤ ሊዘጋ ነው። ግን አልነሳም አሉ! ደርሻለሁ፣ ወዴት ልትመልሱኝ ነው ይላሉ። ከዚህ ካለፈ እስከ ሦስት ቀን አውሮፕላን የለም፤ ቪዛ ስለሌላቸው ከዚህ አዳራሽ መውጣት አይችሉም። ሰው ልከን ብንይዛቸው በከዘራቸው አንዱን መቱት።»

«ስጪኝ። አቅርቢልኝ።»

ኮሽታ ተሰማ፤ ከዚያም የአባቷ ድምፅ፣ ስልክ ሲይዝ እንደ ልማዱ እየጮኸ።

«ሃሎ! ማን ነው?»

«አባባ! እኔ ነኝ።»

«ልጄ! ስሚ፣ ወንድምሽ አልመጣም። ምን ሆኖ ነው? ሰዓቴን ሳየው ልክ ዘጠኝ ነበር፤ እንዳልሽኝ ወረድኩ። ፍሬን አያያዛቸው ጥሩ ነው፣ አልወዘወዙኝም። ወንድምሽ ግን የለም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ላይ ካልጫንንህ ብለው አስቸገሩኝ። ወደ አገሬ ሊመልሱኝ ነው መሰለኝ።»

«አባባ፣ አልደረስክም።»

«ምን?»

«ያለህበት ሌላ ከተማ ነው። መንገድ ላይ ነህ። ከሰዎቹ ጋር ሂድ፤ ቶሎ ተነስ።»

«ዘጠኝ ብለሽኝ የለም እንዴ? ዘጠኝ ላይ እኮ ነው የወረድኩት።»

«ተሳስቼ ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ። ተነስ፣ አባባ።»

ከሩቅ የሆነ ማስታወቂያ በማታውቀው ቋንቋ ይናገራል። ከዚያ አባቷ ስልኩን ከጆሮው አራቀና ለሌላ ሰው ሲናገር ተሰማት።

«እሷ አይደለችም! ማንን ነው የሰጣችሁኝ? የኔ ልጅ ተሳሳትኩ የምትል ሰው አይደለችም። ከተወለደች አንድ ቀን ብላ አታውቅም። እኔን በስልክ ታታልላላችሁ? ደርሻለሁ ብያችኋለሁ። ልጄ በክር ለክታ፣ በሂሳብ ሠርታ ነው የነገረችኝ!»

«አባትዮ፣ በሩ ሊዘጋ ነው» ትላለች ሴትዮዋ።

«ይዘጋ! ልጄ መጥቶ ይከፍተዋል።»

ለዘመናት ያሳየችው ፊት ይሄ ነበር፤ አባቷ አሁን ያንን ፊት አምኖ እየተሟገተላት ነው፤ ሙግቱ ደግሞ ዓይኑን ሊያስከፍለው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሾፌርማ ምን ይባላል? በለስላሳ ድምፅ ብትለምነው እስከ ነገ አያምናትም።

ስልኩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ጮኸች፤ እትዬ አረፋ ከበርጩማቸው ዘለው ተነሱ።

«አንተ ሽማግሌ! ስማኝ! ያን ከዘራህን ሰው ላይ ካነሳህ እኔው መጥቼ በካውያዬ ነው የማቃጥለው! ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆምህ 'እሺ ጌታዬ' እያልክ የኖርክ ሰውዬ፣ የሴት ልጅ ቃል ስትሰማ ነው ጀግና የምትሆነው? ቂጥህን አንሳ አልኩህ! ያ ወንድሜ ነገ ዓይንህን ሊያሳይልህ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል፤ አንተ የሰው አገር ወንበር ላይ ተደላድለህ ትፈርዳለህ! ተነስ!»



«አሁን እሷ ናት» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ቅድም እንደ ሰው ስትናገሪ? አስደነገጥሽኝ እኮ።» ትንፋሹ ከበደ። «እውነት አልደረስኩም?»

«አልደረስክም፣ አባባ። እኔ ያልኩህ መንገዱ የሚፈጀውን ሰዓት ነበር። አንተ የሰማኸው የእጅህን ሰዓት ነው። በቅጡ አልነገርኩህም።»

«እንዲያ ነው?» አለ። ድምፁ በአንድ ጊዜ አረጀ። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሲከቡኝ ፊታቸው አይታየኝም እኮ። ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ፈርቼ ነው።»

እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ መሪውን ያስረከበ ዕለት እንኳን አላለውም።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ተነስ።»

«እሺ፣ አሁንስ በስንት ሰዓት ነው የምወርደው?»

አፏን ከፈተች። ቁጥሩ በምላሷ ላይ ተደርድሯል፤ ከዚያ ከተማ ስንት እንደቀረው አሁን ለክታዋለች። ዋጠችው።

«ሰዓት የለም፣ አባባ። ሰዓትህን ፈትተህ ኪስህ ክተት። የሴትዮዋን ክንድ ያዝ። አውሮፕላን ውስጥ ስትገባ ያለችውን ልጅ ክንዷን ያዝ፣ ሴትዮዋ 'አንቺ ውረድ ስትዪው ነው የሚወርደው' ትበልልህ። ሌላ ማንም ቢያወርድህ እንዳትወርድ። እኔም ብሆን።»

«እንደ ዕቃ» አለ አባቷ።

«እንደ ዕቃ» አለች። «እንደ ብርጭቆ።»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ከዘራ ወለሉን መታ። ስልኩን ሴትዮዋ ተቀበለችው። «ተነሱ» አለች እያለከለከች። «እየሮጥን ነው። በሩ ላይ ያሉትን ልጆች ለምኛቸዋለሁ፣ ይደርሳሉ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበዪኝ፣ እባክሽ። ሲቀመጥ ደውዪልኝ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ተኳሿ ወደ ወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ተገኝቷል። እየሮጡ ነው፤ ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም። አንተ ከዚያ በር እንዳትነቃነቅ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የሚቀበለው አጃቢ ጠይቅ፤ ዊልቸርም ካላቸው ጠይቅ።»

«አባባ ዊልቸር ላይ አይቀመጥም፤ ይሰድበኛል።»

«ይስደብህ» አለች። «እኔ አስቀምጡት አለች በለው።»

እትዬ አረፋ በግማሽ በወረደው መዝጊያ ሥር ጎንበስ ብለው ወጥተው ጎረቤት ዘንድ ሄዱ፤ የሚቀመስ ነገር ሊጠይቁላት። እሷ ስልኩን ከፊቷ አድርጋ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ የግድግዳውን ሰዓት አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ማንም ያልጠየቃትን ሸሚዝ ከክምሩ ስባ፣ ሴትዮዋ እስክትደውል ድረስ ኮሌታውን ማስተኛት ጀመረች።